ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት

አርሲ ነገሌ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በሰሜን ቡልቡላና ባቱ፣ በደቡብ ኩየራና ሻሸመኔ አሉ። ከአስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ታርጋ ያነበበ ሰው «አአ» እና «ኦሮ» ተቀላቅለው ሲተላለፉ ያያል። «አአ» ከለጠፉት ውስጥ ነገሌ ተወልዶ ነገሌ ያደገ፣ አዲስ አበባን በዓመት አንዴ እንኳ የማይረግጥ ሰው የሚነዳው አይጠፋም። መኪናውን ገዝቷል፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጥቷል፣ አራቱንም ጎማ ቀይሯል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የሌላ ነው። እሱ እጅ ያለው ውክልና ነው።

ስለ መኪና ሕግ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ መልክ አለው። ቦሎ ማሳደስ አልቻልኩም፤ መኪናዬ በባንክ ዕዳ ታገደብኝ፤ የሻጩ ልጆች የአባታችን ውርስ ነው አሉኝ፤ ከሸጥኩ ሁለት ዓመት የሆነው መኪና ሰው ገጭቶ እኔ ፍርድ ቤት ተጠራሁ። ሥሩ ሲቆፈር አብዛኛው አንድ ቦታ ይገናኛል፤ መኪናውን የሚነዳው አንድ፣ በመዝገብ ላይ ያለው ሌላ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያገለገለ መኪና ተፈላጊነቱ ጨምሯል፤ አንድ አሮጌ ኮሮላ ስሙ ሳይዞር አምስት እጅ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከግዢው እንጀምር።

ወረቀቱን ከብረቱ ጋር ያገናኙ

ሊብሬውን ከላስቲክ ሽፋኑ አውጥተው በብርሃን ያንብቡ። (ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ታርጋ፤ ሦስቱም ቃላት የጣሊያን ናቸው። መንገዱንም ወረቀቱንም አብረው አምጥተውልናል።) የባለቤቱን ስም፣ የታርጋውን ቁጥር፣ የሥሪት ዘመኑን፣ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ የመጫን አቅሙን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ ይዩ። ከዚያ ኮፈኑን ያስከፍቱ።

የሻንሲውን ቁጥር በዓይን ማንበብ አይበቃም። ቦታውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ስስ ወረቀት ይለጥፉበትና በእርሳስ በስሱ ይፈግፍጉት። ወረቀቱ ሲጠቁር የተቀረጸው ቁጥር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሊብሬው አጠገብ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። አንዱ ቁጥር ከጎረቤቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ዙሪያው በሞረድ የተበላ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ከመሰለ ቁልፉን መልሰው ሻይዎን ይጠጡ። በነገራችን ላይ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርቶ የመጣ ቪትዝ የሻንሲ ቁጥሩ አጭር ነው፤ 17 ፊደልና ቁጥር ስላልሞላ ብቻ አይደንግጡ።

የሞተር ቁጥር አለመግጠም በተለይ አይሱዙ ላይ የተለመደ ነው። ሞተር ይነክሳል፣ ይቀየራል። መቀየሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳያስመዘግቡ መቀየር ነው። ሻጩ የሞተሩን የግዢ ሰነድ አቅርቦ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ላይ እንዲያስተካክል ያድርጉ። ከግዢው በኋላ ይህ የእርስዎ ራስ ምታት ይሆናል፤ ሻጩም ስልክ ማንሳት ይረሳል።

ወደ ገጠሩ ቀበሌ የሚሸጡ ሞተር ሳይክሎች ላይ ደግሞ ጥያቄው ከዚህም ይቀድማል፤ ዲክላራሲዮን አለው ወይ? ቀረጥ የተከፈለበትና በጉምሩክ በኩል የገባ ስለመሆኑ ማስረጃ የሌለው ሞተር አይመዘገብም፣ ታርጋም አያገኝም። «ኋላ ይወጣል» የሚባለው ታርጋ ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ቀብድ፣ ዕዳ፣ ሚስት

ዋጋ ከተስማሙ ደላላው ቀብድ ጣል እንዲያደርጉ ይጎተጉትዎታል። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥርስ ያለው ነገር ነው። ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ የሰጠው ቀብድ ይቀርበታል፤ ሻጩ ከቀየረ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ እንዲሠራልዎ ግን «ቀብድ» የሚለው ቃል፣ መጠኑና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ምስክሮችም ይፈርሙ። በባንክ ካስተላለፉ የክፍያ ምክንያቱን ይጻፉበት።

ቀሪውን ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ዕዳና እገዳ ነው። ታርጋውን የሰጠው ጽሕፈት ቤት የመኪናውን ፋይል ይይዛል፤ ባንክ፣ ፍርድ ቤት ወይም የገቢዎች መሥሪያ ቤት ያሳገደው ከሆነ እዚያ ፋይል ላይ ይታያል። ነገሌ ላይ የቆመ «አአ» መኪና ፋይሉ አዲስ አበባ ነው፤ ሻጩን ይዘው መሄድ ግድ ይላል። የትራንስፖርቱ ወጪ ከሚገዙት መኪና ዋጋ አንጻር ምንም ነው።

ሁለተኛው ቀረጥ ነው። በኢንቨስትመንት ወይም በድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ካልተከፈለ በስተቀር ለእርስዎ ስሙ አይዞርም። በአካባቢያችን ከእርሻና ከአበባ ልማት ጋር የገቡ ፒካፖች ስላሉ ጥያቄው አይናቅ።

ሦስተኛው ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ ነው፤ ሻጩ ባለትዳር ነው ወይ? በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነን የጋራ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር ዛሬ የመኪና መስታወት እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ ማንኛውም መኪና ከዚህ ውስጥ ይወድቃል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ግን ሽያጩ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ኦሮሚያ በ1995 ያወጣችው የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት፤ እዚህም ቢሆን ሚስትየዋ ወይም ባልየው ሳይፈርሙ አይግዙ። ላጤ ነኝ ካለ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያምጣ። በአካል መጥተው «ፈርሜያለሁ» ማለት ለእናቶቻችን የሚከብድ ነገር አይደለም፤ የሚከብደው ኋላ በፍርድ ቤት ሲገናኙ ነው።

ውክልና ላይ ቆም እንበል

በሬ ገዝተው ገመዱን ሲረከቡ በሬው የእርስዎ ነው። መኪና ግን መዝገብ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ እንዲመረመርና እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ብዙዎቻችን መኪናን እንደ በሬ እንገዛለን፤ ገንዘብ ሰጥተን ቁልፍ እንቀበላለን፣ ለመዝገቡ ሲባል ውክልና እናጽፋለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የስም ማዛወሪያ ክፍያና የቴምብር ቀረጥ ለማትረፍ፣ ወይም ነገ ለሌላ ልንሸጠው ስላሰብን።

ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። «በእኔ ምትክ ሆኖ ይሥራ» የሚል ፈቃድ ነው። ወካዩ በፈለገው ቀን ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ሲሞት ደግሞ፣ በሰነዱ ላይ ሌላ ቃል ካልገባ በቀር፣ ውክልናው አብሮት ይሞታል። አንድ ጎረቤቴ በዚህ መንገድ የያዘው አይሱዙ ነበረው። ሦስት ዓመት ጭኖበታል። ሻጩ ማረፉን የሰማው ከቀብሩ ወር ዘግይቶ፣ ቦሎ ሊያሳድስ ሄዶ ነው። ውክልናውን ሲያቀርብ በሌላኛው መስኮት የወራሾች እገዳ ቀድሞት ገብቷል። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ዶሮዎች ሥሩ ይተኙበት ነበር። ልጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አባታቸው መሸጡን የሚያሳይ ወረቀት አላዩም እንጂ። ጎረቤቴም ውክልናውን ሲያጽፍ የሽያጭ ውል አላጻፈም ነበር፤ «ያው ነው» ብለውት።

ያው አይደለም። ስለዚህ የግድ በውክልና መያዝ ካለብዎት እንኳ ሁለት ወረቀት ይኑርዎት፤ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የጸደቀ የሽያጭ ውልና ውክልና። በሽያጭ ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ይጻፉ። ክፍያ ለመቀነስ ሲሉ ግማሹን ያስጻፉ ሰዎች፣ ውሉ በፈረሰ ቀን ይመለስልን ብለው ሲከራከሩ በእጃቸው ያለው ማስረጃ የጻፉት ግማሽ ብቻ ሆኖ ያገኙታል። ውክልናው ላይ ደግሞ «ለሌላ ሰው ይሽጥልኝ» ብቻ ሳይሆን «በራሱም ስም ማዞር ይችላል» የሚል ግልጽ ቃል ይግባ። ወኪል ከራሱ ጋር የተዋዋለውን ውል ወካዩ እንዲሰረዝ መጠየቅ ስለሚችል ይህች አንዲት ሐረግ ብዙ ታድናለች።

ሻጩ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያስጽፋል፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ነው ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ የሚሄደው። በዋትሳፕ የተላከ ፎቶ አይሠራም። «ይሠራል» ለሚልዎት ሁሉ በትህትና እምቢ ይበሉ።

ይህ ሁሉ ለገዢ ይመስላል። ለሻጭ ግን ይብሳል፤ ወደ አደጋው ስንደርስ ያዩታል።

ስሙን ማዞር፣ ታርጋ መለወጥ

የጸደቀውን ውል፣ ሊብሬውን፣ መታወቂያዎን፣ የግብር መለያ ቁጥርዎንና የዘመኑን ቦሎ ይዘው ፋይሉ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። መኪናው ይታያል፣ ይገመታል፣ ይከፈላል፣ ስሙ ይዞራል። ከአዲስ አበባ ወደ ኦሮሚያ የሚያዛውሩ ከሆነ አሮጌውን ታርጋ መልሰው ፋይሉ እንዲላክ ያደርጋሉ፤ አዲሱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት መመላለስ አለው፤ በየመስኮቱ የተቀበሉትን ወረቀት ፎቶ ያንሱ።

የታርጋ ኮድ ጌጥ አይደለም። ኮድ 1 ቀዩ የታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊው የግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴው የንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁሩ የመንግሥት ነው። ኮድ 2 ቪትዝ ይዘው ከነገሌ ሻሸመኔ በሰው ሂሳብ የሚመላለሱ ልጆች አሉ። ሥራ አጥተው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ኮድ 2 ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም፤ የመድን ውሉም የተጻፈው ለግል አገልግሎት ነው። አደጋ በደረሰ ቀን መድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ተሳፋሪው ስንት ከፈለ የሚለውን ነው።

በመስታወቱ ላይ የሚለጠፉት ሁለቱ

ቦሎ መኪናው በዓመቱ ለመመርመሩ ምስክር ነው። ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጎማ፣ ጭስ ይታያል። ቀኑ ከማለፉ ወር አስቀድመው ይሂዱ፤ መጨረሻ ሳምንት የሚሰለፈው ብዙ ነው።

ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ስሙ እንደሚለው ለሌላ ሰው ነው፤ እርስዎ ገጭተው ለተጎዳው ይከፍላል። የራስዎን እግር፣ የራስዎን መኪና አያሳክምም፣ አይጠግንም። ለዚያ ሙሉ ሽፋን መግዛት አለብዎት። የሦስተኛ ወገን ስቲከር ስለለጠፉ «መድን አለኝ» ብለው የተጋጨ መኪናቸውን ጎትተው መድን ድርጅት ደጃፍ የሚያደርሱ ሰዎች አሉ፤ ይዘውት ይመለሳሉ።

መንገድ ላይ

መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 በየምድቡ ይሰጣል፤ ሞተር ሳይክል፣ ባለ ሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ ታክሲ፣ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ። የአውቶሞቢል ፈቃድ ይዘው ድንች የጫነ አይሱዙ ቢነዱ በሕግ ዓይን ፈቃድ እንደሌለው ሰው ነዎት። «ወንድሜ ትንሽ አረፍ እንዲል ነው» የሚለው ማብራሪያ ትራፊኩንም መድኑንም አያሳምንም።

ትራፊክ ሲያስቆምዎት መንጃ ፈቃድና ሊብሬ ያሳዩ። ካጠፉ የጥፋቱ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ይሰጥዎታል። ጥፋቱ በትክክል መጻፉን ያንብቡ፤ ካልተስማሙ በእርጋታ ይናገሩ፣ አቤቱታዎን ለጣቢያው ያቅርቡ። በወረቀቱ ላይ ያለውን የመክፈያ ቀን አያሳልፉ። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ለማንም አይስጡ፤ ሰጪም ተቀባይም በሕግ ይጠየቃሉ።

ስለ አረቄ ሳላነሳ አላልፍም። የነገሌ አረቄ ከአገር አገር የሚሄድ ስም ያለው መጠጥ ነው፣ ብዙ እናት ልጆቿን ያሳደገችበት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የትራፊክ ደንብ ለአሽከርካሪ የአልኮል ወሰኑን በ1 ሊትር ደም 0.8 ግራም አድርጎት ነበር። አረቄ በመለኪያ ነው የሚጠጣው፤ ወሰኑ ላይ ለመድረስ ብዙ መለኪያ አይፈልግም። እንግዳ ሲመጣ ማስቀመስ ባህላችን ነው፤ ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠትም ባህል ይሁንልን።

ሲጋጩ

መጀመሪያ ሰው ነው። የተጎዳውን ወደ ሕክምና ያድርሱ። የጤና ተቋም ለመኪና አደጋ ተጎጂ የአስቸኳይ እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የ2005ቱ አዋጅ ለዚህ 2,000 ብር መድቦ ነበር። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም ተጎጂው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ የመድን ፈንድ የተቋቋመው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሸሸውን መኪና ታርጋ ባያዩም ለፖሊስ ያስመዝግቡ።

ከዚያ ትራፊክ መጥቶ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። የጎማ ምልክቱን፣ የተሰበረውን መስታወት፣ የመንገዱን ዳር በስልክዎ ያንሱ። ለመድን ድርጅትዎ ወዲያው ያሳውቁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ።

ከነገሌ ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ የምናውቀው ችግር ደግሞ ላም ናት። አጥር በሌለው አስፋልት ላይ ከብቱ በራሱ ሰዓት ይሻገራል። «ላሟን ገጭተሃልና ክፈል» የሚል ባለከብትና «መኪናዬን ሰብራብኛለችና ክፈል» የሚል ሾፌር ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሁለቱም የሚጠቅሱት ሕግ አላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳያውቅ ያመለጠችው እንኳ ብትሆን። ቁጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አብዛኛው በሽማግሌ ያልቃል፤ ይለቅም። ግን ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ፣ መድን ካለም ሳታሳውቁት አትስማሙ።

ሰው ከሞተ ነገሩ ሌላ ነው። በአርሲ ጉማ አለ፤ የሟች ቤተሰብ በእርቅ ይካሳል፣ ደም ይደርቃል። እርቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ቅጣት ሲወሰንም ሊረዳ ይችላል፤ የዓቃቤ ሕግን ክስ ግን አያስቀርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 ሾፌር በሥራው ቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት፣ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። ቁጥር 2081 ባለቤቱን የሚይዘው እሱ መሪ ባይዝም፣ ሾፌሩ እንዲነዳ ባይፈቀድለትም ጭምር ነው። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ተጎጂ ክስ ሲመሠርት መዝገብ ከፍቶ የሚያገኘው ስም ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለውን ነው። መኪናውን በውክልና ሸጠው ገንዘቡን ከበሉ ከዓመታት በኋላ፣ የማያውቁት ሾፌር በማያውቁት ከተማ ላደረሰው ጉዳት መጥሪያ ይደርስዎታል። «ሸጬዋለሁ» ለማለት የጸደቀ የሽያጭ ውል ያስፈልግዎታል፤ ያም ኖሮ ክርክሩ ቀላል አይሆንም። የተጎጂ የካሳ ጥያቄ እንደ ደንቡ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ እስከዚያ ድረስ ግን እንቅልፍ የለም።

ዛሬ ማታ ሊብሬዎን ከመሳቢያ አውጥተው ስሙን ያንብቡ። የእርስዎ ካልሆነ፣ ባለስሙ በሕይወት እያለ ይደውሉለት።